ጥሩነሽ ያላገኘችው ሽልማት፤ «የዓመቱ ኮከብ» በማን ሚዛን?

ፒያሳ ውስጥ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ክርክር የለም። በቅርቡ ዝናብ ሽሽት ከገባንባት አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ከአጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የያዙት ክርክር ግን ሁለተኛ ዙር ማኪያቶ ያስቀዳ ነበር። አንደኛው ፀጉራቸው የሸበተ የባንክ ጡረተኛ፣ ሌላው ላፕቶፑን በጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ወጣት መሐንዲስ ናቸው። ነገሩ የተነሳው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ የቆየ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ፎቶግራፍ ነው።

«ጋሼ፣ ጥሩነሽ ተዘርፋለች። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ፣ በዚያው ዓመት የዓለም ሪከርድ፤ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?» አለ ወጣቱ።

«አንተ ልጅ፣» አሉት ሰውየው ረጋ ብለው፣ «ተዘረፍኩ የሚል ሰው መጀመሪያ ንብረቱ የእሱ እንደነበር ማስረዳት አለበት። በ2004 ቀነኒሳ ሲሸለም ኤል ገሩዥ ተዘረፈ ብሎ የጮኸ ከመካከላችን ማን ነበር?»

ወጣቱ መልስ አጣ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የሚደረግ ሙከራ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።)

ለአራዳ ሰው «ኮከቡ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ያፈራው መንግሥቱ ወርቁ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የመጨረሻዋን ግብ አስቆጥሯል። በውድድሩ በጠቅላላ 3 ግቦችን አግብቶ ከግብፁ በደዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ደረጃ ተጋርቷል። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ሰዎች ሲገናኙ ዛሬም አይስማሙም። አንዱ መንግሥቱን ይላል፤ ሌላው ቡድኑን በአምበልነት የመራውን ሉቺያኖ ቫሳሎን ያስቀድማል፤ ሦስተኛው ደግሞ በፍጻሜው ጨዋታ ግብ ያገባው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ተረሳ ብሎ ይቆጣል። ፍራንስ ፉትቦል የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት የአፍሪካን ኮከብ ተጫዋች መሸለም የጀመረው በ1970 በመሆኑ ለዚህ ክርክር ዳኛ አልነበረውም። የሩጫው ግን ዳኛ አለው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የስድስቱ ሽልማቶች ታሪክ

በቀድሞ ስሙ አይኤኤኤፍ፣ ዛሬ «ወርልድ አትሌቲክስ» የሚባለው ዓለም አቀፍ አካል የዓመቱን ምርጥ ወንድና ሴት አትሌት መሸለም የጀመረው በ1988 ነው። በመሆኑም አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴና ምሩፅ ይፍጠር ለዚህ ሽልማት የመታጨት ዕድል እንኳ አልነበራቸውም። በ1992 በባርሴሎና የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነችው ደራርቱ ቱሉም አላገኘችውም። በዚያ ዓመት የተሸለመችው ጀርመናዊቷ ከፍታ ዘላይ ሃይከ ሄንከል ነበረች።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1995 በ10 ሺሕ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የ5 ሺሕና የ10 ሺሕ ሜትር ሪከርዶችንም ሰበረ። በተለይ ዙሪክ ላይ የ5 ሺሕ ሜትሩን ሪከርድ ከ10 ሰከንድ በላይ አሻሽሎ 12፡44.39 ሲገባ ዓለም ጉድ ብሏል። ሽልማቱን ግን በስሉስ ዝላይ 18.29 ሜትር የዘለለው እንግሊዛዊ ጆናታን ኤድዋርድስ ወሰደው። ኃይሌ የቆየው ሦስት ዓመት ነው። በ1998 በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ 26፡22.75 እና 12፡39.36 ሮጦ ሁለቱን ሪከርዶች እንደገና የእሱ ካደረገ በኋላ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሸላሚ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እና በ2005፣ መሠረት ደፋር በ2007፣ ገንዘቤ ዲባባ በ2015፣ አልማዝ አያና በ2016 ተሸልመዋል። አምስት አትሌቶች፣ ስድስት ሽልማት ማለት ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ስም ከማንም በላይ ጎልቶ ይታያል። ጥሩነሽ ዲባባ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ አምስት የዓለም ሻምፒዮና የመም ወርቅ ይዛ አንድም ጊዜ የዓመቱ ምርጥ አልተባለችም።

ሚዛኑ ወደ እኛ ሲያዘነብል

ወደ ጡረተኛው ጥያቄ እንመለስ። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ ሞሮኳዊው ሒሻም ኤል ገሩዥ 1,500 ሜትርንም 5 ሺሕ ሜትርንም አሸነፈ። ሁለቱን በአንድ ኦሊምፒክ መጠቅለል ከፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ የ1924 ድል በኋላ ያልታየ ነበር። በ5 ሺሕ ሜትሩ ያሸነፈውም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱን ቀነኒሳን ነው። ልዩነታቸው ከአንድ ሰከንድ አምስተኛ የማይበልጥ ቢሆንም ወርቅ ወርቅ ነው፣ ብርም ብር።

ቀነኒሳ በበኩሉ በዚያ ዓመት የ10 ሺሕ ሜትር ወርቅና የ5 ሺሕ ሜትር ብር አግኝቷል። ከዚህ በተጨማሪ 12፡37.35 እና 26፡20.31 በመሮጥ የኃይሌን ሁለት ሪከርዶች በአንድ ሳምንት ልዩነት ሰብሯል፤ የቤት ውስጥ የ5 ሺሕ ሜትር ሪከርድም የእሱ ሆኗል፤ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸንፏል። መራጮቹ ሁለቱን መዝነው ቀነኒሳን መረጡ። በሌላ አነጋገር ሁለት ወርቅ ካለው ሰው ይልቅ አንድ ወርቅና በርካታ ሪከርዶች ያሉት ሰው በለጠ ማለት ነው። ያኔ ፒያሳ ውስጥ ቅሬታ ያቀረበ ሰው አላየንም።

በዚህ መሥፈርት መሠረት የመጣው ሁለተኛው ጉዳይ የ2005 ነው። ጥሩነሽ በሔልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና 5 ሺሕና 10 ሺሕ ሜትርን በአንድ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከዚያ ቀደም ብሎም የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን በአጭርም በረጅምም ርቀት ጠቅልላለች። ሽልማቱን ግን ሩሲያዊቷ የምርኩዝ ዘላይ የለና ኢሲንባየቫ ወሰደችው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ኢሲንባየቫ በዚያ ዓመት በሴቶች የምርኩዝ ዝላይ ታሪክ 5 ሜትርን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሰው ሆናለች። የዓለም ሻምፒዮናውንም በአዲስ ሪከርድ አሸንፋለች። ቀነኒሳን በሪከርዱ ከመረጥን እሷንም በሪከርዷ መምረጥ ነበረብን። የ2005ቱን መተው ይገባናል።

የ2008 ጉዳይ

የ2008ቱ ግን ይለያል። ጥሩነሽ በግንቦት ወር መጨረሻ 2000 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ የመሠረት ደፋርን የ5 ሺሕ ሜትር ሪከርድ ከ5 ሰከንድ በላይ አሻሽላ 14፡11.15 ገባች። ከዚያ አስቀድማ በኤደንብራ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆናለች። ነሐሴ ላይ ቤጂንግ ውስጥ 10 ሺሕ ሜትሩን በኦሊምፒክ ሪከርድ 29፡54.66 አሸነፈች። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ የ5 ሺሕ ሜትሩን ወርቅ ጨመረች። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች።

ኢሲንባየቫ በዚያ ዓመት ሦስት የዓለም ሪከርዶች አስመዘገበች። በሮም 5.03፣ በሞናኮ 5.04፣ በቤጂንግ 5.05 ሜትር፤ የኦሊምፒክ ወርቁም የእሷ ነው። የዓመቱ ምርጥ ሴት አትሌት ተብላ የተመረጠችውም እሷ ናት።

የጡረተኛውን ሚዛን ብንጠቀም «ሦስት ሪከርድ ከአንድ ሪከርድ ይበልጣል» ብለን ዝም ማለት ያለብን ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሊጤኑ ይገባል።

የመጀመሪያው የሪከርዱ ባሕርይ ነው። ምርኩዝ ዘላይ አሸናፊነቱን ካረጋገጠ በኋላ መስቀያውን ከቀድሞ ሪከርዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጉልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሳንቲሙን እያጠራቀመ ዓመቱን ሙሉ ሪከርድ ሊያስመዘግብ ይችላል ማለት ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ ይህ ዕድል የለውም። በኦሊምፒክ ፍጻሜ አሯሯጭ አይፈቀድለትም፤ ከኋላው ያለው ተፎካካሪ የሚጠብቀው የመጨረሻዋን ዙር ነው፤ ሰውነቱም በዓመት ውስጥ ሪከርድ ለመስበር የሚፈቅድለት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ስለሆነም ሦስት ሪከርድና አንድ ሪከርድ እንደ ብርቱካን ተቆጥረው የሚነጻጸሩ አይደሉም።

ሁለተኛው ጥሩነሽ ሪከርድ የሌላት አለመሆኗ ነው። በ2004 ኤል ገሩዥ ድርብ ወርቁን ይዞ በዚያ ዓመት ሪከርድ አልነበረውም። ቀነኒሳ ሪከርዶቹን ይዞ ድርብ ወርቁ አልተሳካለትም። አንዱ ያለውን ሌላው አጥቷል፤ ክርክሩም ሚዛናዊ ነበር። በ2008 ግን ጥሩነሽ ሁለቱንም ይዛለች። ድርብ ወርቅም፣ የዓለም ሪከርድም፣ አገር አቋራጭም። ከዚህ አኳያ ሲታይ የ2004ቱን ምርጫ ትክክል ነው ያለ ሰው የ2008ቱን ስህተት ነው ቢል ራሱን አይቃረንም። የዚህ ጸሐፊ አቋምም ይኸው ነው፤ በ2005 ኢሲንባየቫ፣ በ2008 ግን ጥሩነሽ።

በዚያው ዓመት ቀነኒሳም በቤጂንግ ሁለቱን ርቀት ጠቅልሎ ነበር። በ2009 በርሊን ላይም ደገመው። ሁለቱንም ዓመት የተሸለመው ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት ነው። በ100 ሜትር 9.58፣ በ200 ሜትር 19.19 የሮጠ ሰው ላይ ይግባኝ ማለት ግን ዳኛውን ሳይሆን ራስን ማስገመት ነው። ለሁሉም ሽንፈት «ተዘረፍን» የሚል ሰው በእውነት የተዘረፈ ዕለት የሚሰማው አያገኝም።

ስለ መሠረት ደፋርም አንድ ነገር መባል አለበት። የጥሩነሽ ደጋፊዎች የ2007ቱን የመሠረት ሽልማት እንደ ማጽናኛ ዕጣ ሲያቃልሉት ይሰማል። በዚያ ዓመት መሠረት በ5 ሺሕ ሜትር 14፡16.63፣ በቤት ውስጥ 3 ሺሕ ሜትር 8፡23.72፣ በሁለት ማይል ደግሞ 8፡58.58 ሮጣ ሦስት የዓለም ምርጥ ሰዓቶችን አስመዝግባለች። ኦሳካ ላይም የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የሁለቱ ፉክክር አገሩን ለሁለት በከፈለበት በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የሚከራከረው በሰዓትና በሜዳሊያ ሳይሆን «ከየት ናት? የማን ወገን ናት?» በሚል ነበር። ይህ በሽታ ዛሬም አልለቀቀንም። ሚዛን የሌለው ክርክር መጨረሻው ዘር ቆጠራ ነው።

ድምፁ የማን ነው?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የምርጫው አሠራር ግልጽ ሆኗል። የወርልድ አትሌቲክስ ምክር ቤት ድምፅ 50 በመቶ፣ «የአትሌቲክስ ቤተሰብ» የሚባሉት ድምፅ 25 በመቶ፣ በማኅበራዊ ድረ ገጾች የሚሰጠው የሕዝብ ድምፅ ደግሞ ቀሪውን 25 በመቶ ይይዛል። ሕዝቡ በዕጩው ፎቶግራፍ ላይ «ላይክ» በተጫነ ቁጥር አንድ ድምፅ ይቆጠራል።

ሲሰሙት ዴሞክራሲያዊ ይመስላል። ነገር ግን የ2023ቱን እናስታውስ። ከዕጩዎቹ መካከል በርሊን ላይ 2፡11፡53 ሮጣ የማራቶኑን ሪከርድ ከሁለት ደቂቃ በላይ ያሻሻለችው ትዕግሥት አሰፋና ቡዳፔስት ላይ በ10 ሺሕ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆና በኋላም 5 ሺሕ ሜትርን በ14፡00.21 የሮጠችው ጉዳፍ ፀጋይ ነበሩ። ዓለም «ላይክ» ይጫን በተባለበት በዚያ ጥቅምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከነሐሴ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ባሕር ዳርና ጎንደር የተቀመጠ የአትሌቲክስ አፍቃሪ ድምፁን በምን ይስጥ? ሩብ ያህሉ ድምፅ በኢንተርኔት የሚሰበሰብበት ሽልማት የአትሌቱን እግር ብቻ ሳይሆን የአገሩን ኔትወርክም ይመዝናል።

በእርግጥ በዚያ ዓመት ትዕግሥት ተሸልማለች፤ የተሸለመችው ግን በተከፋፈለ ዘውድ ነው። አዘጋጆቹ አንድ አሸናፊ መምረጥ አስቸጋሪ መሆኑን አትሌቶች ገልጸዋል በማለት ሽልማቱን የመም፣ የሜዳ ተግባርና ከስታዲየም ውጪ ብለው ለሦስት ከፈሉት። የመሙን ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን፣ የሜዳውን ቬኔዙዌላዊቷ ዩሊማር ሮሃስ፣ ከስታዲየም ውጪ ያለውን ትዕግሥት ወሰዱ። ኪፕዬጎን በዚያ ዓመት በ1,500፣ በማይልና በ5 ሺሕ ሜትር ሦስት ሪከርዶችን ሰብራ ሁለት የዓለም ወርቅ አግኝታለች። ከሰበረቻቸው ሪከርዶች ሁለቱ የገንዘቤ ዲባባና የለተሰንበት ግደይ ነበሩ። ዘውዱ ባይከፈል ኖሮ ለኪፕዬጎን እንደሚገባ ለመናገር ኬንያዊ መሆን አያስፈልግም።

መክፈሉ መፍትሔ ነው? አንድ ጥቅም አለው፤ ሯጭንና ዘላይን በአንድ ሚዛን ከማስቀመጥ ያድናል። ይህ አሠራር በ2008 ቢኖር ኖሮ ኢሲንባየቫ የሜዳውን፣ ጥሩነሽ የመሙን ወስደው ሁለቱም ወደየቤታቸው በሰላም ይገቡ ነበር።

ሲፋን ስታሸንፍ

በ2024 ለየዘርፉ አሸናፊዎች ከተመረጡ በኋላ ከእነሱ መካከል የዓመቱ አጠቃላይ ኮከብም ተለየ። በሴቶች አጠቃላይ አሸናፊዋ ሲፋን ሐሰን ሆነች። አዳማ የተወለደችው፣ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ የገባችው ሲፋን በፓሪስ ኦሊምፒክ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ነሐስ፣ በማራቶን ወርቅ አግኝታለች። በማራቶኑ መጨረሻ በትከሻ እየተገፋፉ በ3 ሰከንድ የቀደመቻት ሌላዋ ኢትዮጵያ ያፈራቻት ልጅ ትዕግሥት አሰፋ ናት። የኢትዮጵያ ቡድን ያቀረበው አቤቱታም ውድቅ ተደርጓል። በወንዶች ደግሞ በጉዳት በወጣው ሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ ማራቶኑን በኦሊምፒክ ሪከርድ 2፡06፡26 ያሸነፈው ታምራት ቶላ ከስታዲየም ውጪ ያለውን ዘርፍ ወሰደ።

ሲፋን ስትሸለም ፒያሳ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «የእኛው ልጅ ናት» ብሎ ጮቤ ረገጠ፤ ግማሹ ከትዕግሥት የተነጠቀ ወርቅ ሲያጅቡላት ማየት ከበደው። ሁለቱም ስሜት ይገባናል፤ ሁለቱም ግን ሚዛን አይደለም። በአንድ ኦሊምፒክ ከ5 ሺሕ ሜትር እስከ ማራቶን በሦስት ውድድሮች ሜዳሊያ ያገኘች ሴት በማንም መሥፈርት ኮከብ ናት። ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ ለምን ተሸለመች የሚለው ሳይሆን እንዲህ ያለ አቅም ያላት ልጅ በ15 ዓመቷ ለምን አገር ለቀቀች የሚለው ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ዋንጫ የሚደረግ ጫጫታ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። እንዲህ ያለ ሽልማት ያለው ሯጭ ለውድድር ሲጋበዝና ከስፖርት ትጥቅ አምራች ጋር ሲደራደር አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። የአንድ አትሌት የመሮጫ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። ከሁሉም በላይ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን የሚያነቡት የተሸላሚዎችን ዝርዝር ነው፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የጥሩነሽ ስም የለም።

በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል። መሥፈርቱ የሚነገረው ምዘናው ካለቀ በኋላ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ የለፋውም ዓመቱን ሙሉ ያንቀላፋውም እኩል ያኮርፋሉ። ወርልድ አትሌቲክስ የድምፁን ክፍፍል ነግሮናል፤ ሪከርድ ስንት፣ ወርቅ ስንት፣ የውድድር ብዛት ስንት እንደሚመዝን ግን መራጩ በልቡ ይዞት ይገባል። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

በእኛ በኩል ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲታጭ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑም ሆነ እኛ ጋዜጠኞች ደስታችንን ከመግለጽ አልፈን የአትሌቱን የዓመት ሥራ ከተፎካካሪዎቹ ጋር አነጻጽሮ የሚያሳይ ሰነድ በተለያዩ ቋንቋዎች ማዘጋጀት አለብን። የ2008ቱን የጥሩነሽ ማስረጃ በጊዜው እንዲህ አሰናድተን ለመራጮች አቅርበን ነበር? ሁለተኛ፣ እዚህ አገር ለእግር ኳሱም ሆነ ለሩጫው ኮከብ ስንመርጥ የነጥቡን ክብደት ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ እናሳውቅ፤ መራጮቹ እነማን እንደሆኑና ለማን ድምፅ እንደሰጡም ይታተም። ከዓለም የምንጠይቀውን ግልጽነት በቤታችን ሳንጀምረው ብንጠይቅ የሚሰማን የለም። በ2025ቱ የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና አንድም ወርቅ ሳናገኝ ተመልሰናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወጣት ሯጮቻችን ቢያንስ በአገራቸው ልፋታቸው በትክክል እንደሚመዘን ማወቅ ይገባቸዋል።

ዝናቡ ሲያባራ ጡረተኛው ሒሳብ ከፍለው ተነሱ። ወጣቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ «እሺ ጋሼ፣ የ2005ቱን ልተውልዎት፤ የ2008ቱን ግን አልተውም» አላቸው። ሰውየው ጃንጥላቸውን እየዘረጉ ፈገግ አሉ፤ «አሁን ገና መከራከር ጀመርክ» ብለው ወጡ። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ አባቶች። ዳኛው ተገኝቷል፤ የቀረን የተመዘነ ነገር ይዞ መናገር ነው።